ለዲኬተር የታሪክ ክፍላችን ጣሪያ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና በአሜሪካ ጆርጂያ፣ በዲካልብ ካውንቲ የምትኖሩ ወገኖች፣

እንደምን ከረማችሁ? አሁንም ለገንዘብ ነው የምንጽፈው። እናንተ ማንበቡ እንደሰለቻችሁ ሁሉ እኛንም መለመኑ ሰልችቶናል። ግን ምን ይደረግ፣ ባለፈው ወር በጣለው ዶፍ የታሪክ ክፍሉ ኮርኒስ ተደርምሷል። የመስታወቱን ሣጥን ውሃ ሞልቶት አገኘነው። ከስደተኞች ካምፕ የመጡ አንዲት እናታችን ሰነዳቸውን ይዘውበት የገቡት ነጭ የአይ ኦ ኤም (የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት) ፌስታል ተርፏል፤ በውስጡ የነበረው ወረቀት ግን ቀለሙ ፈስሶ ስማቸው እንኳ አይነበብም። የዲኬተር ከተማን አመሠራረት በአማርኛ የጻፍንባቸው ሰሌዳዎችም ተጣመዋል።

«የፈረንጅ ከተማ ታሪክ ምን ያደርግልናል?» የሚሉ አሉ። ቤት ስንገዛ ውሉ የሚመዘገበው፣ የጋብቻ ፈቃድ የምናወጣው እዚችው ከተማ ነው። መሬቱ የመስኮጊ (ክሪክ) ሕዝብ ነበር። በ1821 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በውል ስም ተወስዶ ለነጮች በዕጣ ታደለ፤ አንዱ ዕጣ 202 ተኩል ኤከር ነበር። ካውንቲው በ1822 ሲቋቋም የነባሮቹ ሁለት መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ለመቀመጫነት ተመረጠ፤ በባሕር ኃይል መኮንኑ በስቲቨን ዲኬተር ስም የተጠራችው ከተማም በ1823 በሕግ ጸደቀች። ፍርድ ቤቷ በግንድ ቤት ጀመረ። በ1842 ግን ፍርድ ቤቱ ተቃጥሎ አብዛኛው መዝገብ አብሮ ጠፋ። በ1898 ከግራናይት የተሠራውም በ1916 እንደገና ነደደ፤ ግን ጠገኑት፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች የቆረቆሩት የዲኬተሩ የቢከን ሰፈር ደግሞ የጠፋው በእሳት አይደለም፤ በ1960ዎቹ «ከተማ ማደስ» ተብሎ አብዛኛው ፈረሰ። የእኛም ሰዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ እዚሁ ካውንቲ ባለችው በክላርክስተን ከተማና አካባቢዋ ሲሰፍሩ የሆነውን፣ እኛ ካላስቀመጥነው ማን ያስቀምጥልናል?

«ባለፈው ያዋጣነው የት ገባ?» ለምትሉ፦ የኤሌክትሪኩ መስመር ተቀይሯል፤ ያለዚያ ተቆጣጣሪው ክፍሉን አይከፍትልንም ነበር። ለሽማግሌዎቻችን የዊልቸር መግቢያ ተሠርቷል። የቅዳሜ አማርኛ ተማሪዎች የሚቀመጡባቸው ወንበሮችም ከዚያው ብር የተገዙ ናቸው። ደረሰኙ አንድም ሳይጎድል በፋይል አለ፤ እሑድ እሑድ መጥቶ ማየት ይቻላል። እስካሁን ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያማው ግን ብዙ ነው። ኮሚቴው ለቤንዚን እንኳ አልወሰደም። ኢንሹራንሱ «የቆየ ብልሽት ነው» ብሎ አልከፍልም ስላለ ተከራክረናል፤ አልሆነም።

ጣሪያ ሠሪው የጠየቀው 18,600 ዶላር ነው። በእጃችን 7,200 አለ፤ የቀረው 11,400 ነው። 95 ቤተሰብ 120 ዶላር ቢያዋጣ ይሞላል። ስለ ድርና አንበሳ አንተርትም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አስራታችሁን ለቤተ ክርስቲያን፣ ዘካችሁን ለሚገባው ስጡ፤ ከዚያ በተረፈው ይህን ቤት አስቡልን። ለቅሶና ሠርግ የተቀመጥነው ክርስቲያን እስላም ሳንል እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው።

አከፋፈሉ፦ ቼክ ከሆነ በማኅበሩ ስም ብቻ ይጻፍ፣ በማንም የኮሚቴ አባል ስም አይጻፍ። በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላከው) የምትልኩ በየቤታችሁ በተላከው ወረቀት ላይ ባለው የማኅበሩ ቁጥር ላኩ፤ ማስታወሻው ላይ «ለጣሪያ» በሉና ስማችሁን ጨምሩ። ባለፈው ስም የሌለው ብር ገብቶ የላከው ማን እንደሆነ ስንፈልግ ከርመናል። ጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ ያለ ደረሰኝ አትስጡ።

ሠራተኛው ዋጋውን የያዘልን እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ላስቲክ ወጥረንበታል፣ ሌላ ዶፍ አይችልም። እንደገና፦ ቼክ በማኅበሩ ስም፣ ዜል በወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር፣ ማስታወሻው «ለጣሪያ»።

የሕንፃ ኮሚቴው