ሰነዶቻችሁን የምናስቀምጥበትን መንገድ ስለመለወጣችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከውጭ አቅራቢዎች የሚመጡላችሁን ደረሰኞችና የባንክ መግለጫዎቻችሁን በዳታቤዝ የምናስቀምጥበትን መንገድ ስለለወጥን ነው። ለውጡ በስክሪናችሁ ላይ እምብዛም አይታይም። ውጤቱ ግን በቀጥታ ስለሚነካችሁ፣ ምን እንደነበረ፣ አሁን ምን እንደሆነና ከእናንተ ምን እንደምንጠይቅ በዝርዝር ልናስረዳችሁ ወደድን።

ነገሩ የተጀመረው በሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ነው። የአንድ ደንበኛችን የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ከውጭ የመጣ የመለዋወጫ ደረሰኝ በፕሮግራማችን ፈለጉ። ስክሪኑ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ሰጣቸው። ኦዲተሩ ቢሮ ተቀምጦ እየጠበቃቸው ሁለት ቀን ሙሉ የወረቀት ፋይል ሲያገላብጡ ዋሉ። በመጨረሻ ሲደውሉልን ሰነዱን ፈልገን አየነው፤ ከገባበት ቀን ጀምሮ ዳታቤዛችን ውስጥ ነበር። ያልጠፋውን ጠፍቷል ብለናቸዋል። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው። እርሳቸውን ቢሯቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል፤ እናንተንም በዚህ ደብዳቤ እንጠይቃለን።

ምክንያቱ እንዲገባችሁ ሰነዱን ራሱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከአቅራቢዎችና ከባንኮች ወደ እኛ የሚደርሱት ፋይሎች አብዛኞቹ በኤክስኤምኤል የተጻፉ ናቸው። ኤክስኤምኤል የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ሦስት ሲ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1998 ያጸደቀው የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። ባንኮች ለክፍያና ለሒሳብ መግለጫ የሚጠቀሙበት አይኤስኦ 20022 የተባለው ደረጃም መልእክቶቹን የሚያስተላልፈው በዚሁ ነው። ለማሳያ እኛው ያዘጋጀነው ትንሽ ደረሰኝ ይኸውና፦

<ደረሰኝ ቁጥር="417">
<ሻጭ>ፀሐይ የመኪና መለዋወጫ</ሻጭ>
<ቀን>2024-09-08</ቀን>
<ዕቃ><ስም>የውሃ ፓምፕ</ስም><ብዛት>2</ብዛት><ዋጋ>900.00</ዋጋ></ዕቃ>
<ዕቃ><ስም>የሞተር ቀበቶ</ስም><ብዛት>6</ብዛት><ዋጋ>1250.00</ዋጋ></ዕቃ>
</ደረሰኝ>

በመክፈቻው መለያ ውስጥ ከገባው ከደረሰኙ ቁጥር በቀር፣ እያንዳንዱ ቃል በመክፈቻና በመዝጊያ መለያ መካከል ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ 900 የሚለው ቁጥር ዋጋ እንጂ ብዛት አለመሆኑን የሚያውቀው በዚህ ነው። (መለያዎቹን በአማርኛ ጽፈን ማሳየት መቻላችን ራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያው ደንብ ለመለያ የሚፈቀዱትን ፊደላት የቆጠረው የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር ከሚመዘግበው ደረጃ፣ ከዩኒኮድ 2.0 ነበር፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ ፊደላችን በመለያዎቹ መካከል መጻፍ ይችል ነበር እንጂ መለያ መሆን አይፈቀድለትም ነበር። ይህ በኤክስኤምኤል 1.0 ላይ የተስተካከለው በአምስተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 ነው። አሁንም በአሮጌው ደንብ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ በምናመርታቸው ሰነዶች መለያዎቹን በላቲን ፊደል መጻፋችንን አልተውንም።)

ችግሩ የሚመጣው ይህን ሰነድ ዳታቤዝ ውስጥ ስናስገባው ነው። የእኛ ዳታቤዝ ፖስትግሬስ፣ እንደ አብዛኞቹ የንግድ ዳታቤዞች፣ ሁሉን ነገር በሠንጠረዥ ይይዛል፦ ረድፍና ዓምድ። ኤክስኤምኤል ግን ዛፍ ነው፤ ከግንዱ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ቅጠል ይወጣል። አንዱ ደረሰኝ ሁለት ዕቃ፣ ሌላው ሁለት መቶ ሊይዝ ይችላል። ዛፉን በሠንጠረዥ ለማኖር ሰዎች ሲጨነቁ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

አንዱ መንገድ ዛፉን ቅጠል በቅጠል መበተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎች እያንዳንዱን የወላጅና የልጅ ግንኙነት በአንድ ረድፍ የሚመዘግብ ሠንጠረዥ አሳይተው ነበር። የትኛውንም ዓይነት ሰነድ ይቀበላል፤ ዋጋው ግን የሚከፈለው ሲጠየቅ ነው። ከደረሰኝ ወደ ዕቃ፣ ከዕቃ ወደ ዋጋ በወረድን ቁጥር ሠንጠረዡን ከራሱ ጋር ደግመን ማጣመር አለብን። አንዱን ደረሰኝ መልሶ እንደነበረ ለመገጣጠም ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ረድፎችን መሰብሰብ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር 2005 በተባለው ዳታቤዙ ኤክስኤምኤልን ከነማውጫው (ፍለጋን ከሚያፋጥነው ዝርዝር ጋር) ሲያመጣ፣ ዋናው ማውጫ በውስጡ የሚሠራው ከዚህ ጋር ተቀራራቢ ነገር ነው፤ የሰነዱን መለያዎችና እሴቶች በሙሉ ወደ ረድፎች ይዘረዝራል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ይወስዳል።

ሁለተኛው መንገድ ሰነዱን እንዳለ በአንድ ዓምድ ማስቀመጥ ነው። እኛ እስከ አሁን ስንሠራ የቆየነው በዚህ ነው። ፖስትግሬስ ከ8.3 እትሙ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ኤክስኤምኤል የተባለ የራሱ የዓምድ ዓይነት አለው። ሲገባ መለያዎቹ በትክክል መከፈት መዘጋታቸውን ይመረምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያኖረው እንደ ጽሑፍ ነው። ሁለት ሰነዶችን የሚያነጻጽርበት ደንብ ስለሌለው በዚያ ዓምድ ላይ በቀጥታ ማውጫ መሥራት አይቻልም። ማውጫ ከሌለ ደግሞ «የፀሐይን ደረሰኞች አምጣ» ስትሉት እያንዳንዱን ሰነድ ከሥር ከመሠረቱ ያነባል። መቶ ሰነድ ሲሆን አይሰማም። ሰነዱ ሲበዛ ግን ቡና አፍልታችሁ እስክትመለሱ ስክሪኑ ይሽከረከራል፤ ብዙዎቻችሁ ስለዚሁ አቤት ብላችኋል፤ ልክም ናችሁ።

መዘግየቱስ ቢሆን ይታገሡታል። የሒሳብ ኃላፊዋን ያንገላታው ግን ሌላ ነገር ነው። በኤክስኤምኤል አንድ መለያ ከስሙ ሌላ ወገኑን የሚናገር ረጅም መጠሪያ ሊኖረው ይችላል። ሁለት ድርጅቶች ሁለቱም «ቀን» የሚል መለያ ቢኖራቸው የማን «ቀን» እንደሆነ እንዲለይ የተበጀ ነው፤ እንደ አባት ስም ቁጠሩት። ላኪው በሰነዱ አናት ላይ አንድ ጊዜ ይጽፈዋል፤ ከሥሩ ያሉት መለያዎች ሁሉ ሳይደገምላቸው ይወርሱታል። ለዓይን <ሻጭ> ያው <ሻጭ> ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የእገሌ ልጅ <ሻጭ> ሆኗል። የእኛ መጠይቅ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የምንሰጠው የፍለጋ ትእዛዝ፣ /ደረሰኝ/ሻጭ እያለ በስሙ ብቻ ይጠራው ነበር። ፖስትግሬስ በሚከተለው፣ በኤክስኤምኤል ሰነድ ውስጥ መለያዎችን ለመጥራት በወጣው የኤክስፓዝ 1.0 ሕግ ደግሞ ያለ ወገን የተጠራ ስም ወገን የሌለውን ብቻ ያመለክታል። አቅራቢው ፕሮግራሙን ሲያሻሽል የወገን መጠሪያ ጨመረበት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጡት ሰነዶቹ ለመጠይቃችን አልተገለጡም። ኮምፒውተሩ ስሕተት አለ ብሎ አላስጠነቀቀም። ባዶ መልስ ሰጠ፤ እኛም ባዶውን «ምንም አልተገኘም» ብለን ተረጎምነው።

ይህ የአንድ አቅራቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአይኤስኦ 20022 የባንክ መልእክቶች የእትሙ ቁጥር የወገን መጠሪያው አካል ነው። ባንካችሁ ወደ አዲስ እትም በተሻገረ ዕለት፣ መለያዎቹ በሙሉ ለዓይን እንደነበሩ ሆነው ሳለ፣ ለመጠይቁ ባዕድ ይሆናሉ።

አሁን የመረጥነው መንገድ ሁለቱን ያጣመረ ነው። የላካችሁትን ፋይል አንዲት ነጥብ ሳንነካ፣ ባይት በባይት እንደመጣ እናስቀምጠዋለን፤ ኤስኤችኤ-256 የተባለውን አሻራውንም፣ ማለትም ከፋይሉ ተሰልቶ የሚወጣውንና ፋይሉ ሲነካ የሚለወጠውን ቁጥር፣ አብረን እንመዘግባለን። ኦዲተር ወይም ፍርድ ቤት ቢጠይቃችሁ የምታቀርቡት ያንን ነው። ከጎኑ ደግሞ ዘወትር የምትጠይቋቸውን ነገሮች፣ ማለትም ሻጭን፣ ቀንን፣ የደረሰኝ ቁጥርን፣ የገንዘብ ዓይነትን፣ ጠቅላላ ድምርንና እያንዳንዱን ዕቃ፣ አውጥተን በተራ ሠንጠረዦች እናሰፍራለን። ለማውጣት የምንጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ፖስትግሬስ 10 የገባው ኤክስኤምኤል ቴብል የተባለ መሣሪያ ነው፤ ከላይ ያለውን ደረሰኝ ተቀብሎ ሁለት የዕቃ ረድፎች ያወጣል። የዕቃዎቹን ተራ ቁጥርም እንይዛለን፤ ምክንያቱም በሰነድ ላይ ቅደም ተከተል ትርጉም አለው፣ የሠንጠረዥ ረድፎች ግን በራሳቸው ተራ የላቸውም። ማውጫ የምንሠራው በእነዚህ ዓምዶች ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ መዝገበ ቃላት እንደሚገልጥ ሰው በቀጥታ ወደ ቦታው ይሄዳል።

ዓምዶቹ እንደየባሕርያቸው ዓይነት አላቸው፤ ይህንን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ዋጋ እንደ ጽሑፍ ከተቀመጠ 900.00 ከ1250.00 ይበልጣል፤ ኮምፒውተሩ የሚያነጻጽረው ከመጀመሪያው አኃዝ ጀምሮ ስለሆነ 9 ከ1 በኋላ ይመጣልና። አሁን ዋጋ ቁጥር፣ ቀንም ቀን ሆኖ ይቀመጣል። የኤክስኤምኤል የቀን ዓይነት የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ስለሚያውቅ አሥራ ሦስተኛ ወር ብትሰጡት አይቀበልም። በምሳሌው ላይ ያለውን 2024-09-08 ስክሪናችሁ ላይ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ብለን የምናሳያችሁ ሲወጣ ለውጠን ነው፤ ውስጥ የሚኖረው ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

የአማርኛ ስሞችም ነበሩብን። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሦስተኛው «ፀሀይ» ይላል፤ ለሰው አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት። እንግዲህ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ አለን፤ በዚያ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ከነቤተሰባቸው ወደ አንድ ተጠቃለዋል። በየትኛውም ፊደል ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ፤ የሚታያችሁ ግን ሰነዱ ላይ የተጻፈው ነው። የሰው ስም በባለቤቱ አጻጻፍ ነው መታየት ያለበት።

ከሁሉ በላይ የደከምንበት ግን «የለም» የሚለውን መልስ ነው። አዲሱ ፕሮግራም ሰነድ ሲቀበል መጀመሪያ የወገኑን መጠሪያ ያነባል። የሚያውቀው ከሆነ ዋናውን ፋይልና የወጡትን ረድፎች በአንድ ላይ ይመዘግባል፤ አንዱ ካልተሳካ ሌላውም አይመዘገብም። ከዚያም በሰነዱ ላይ ያሉትን ዕቃዎች ከወጡት ረድፎች ጋር ይቆጥራል፣ ድምሩንም ያመሳክራል። የማያውቀው መጠሪያ ሲገጥመው፣ ወይም ቆጠራው ሳይገጥም ሲቀር፣ ሰነዱን «ያልተነበበ» በሚል መደርደሪያ ያኖረውና ለእናንተም ለእኛም ያሳውቃል። ስትፈልጉም «አልተገኘም» ብቻ አይላችሁም። በስንት ሰነዶች ውስጥ እንደፈለገ፣ ያልተነበቡ ሰነዶች ካሉም ስንት እንደሆኑና ከማን እንደመጡ ይነግራችኋል።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አይመጣም። ሰነዱም የወጣውም መረጃ ስለሚቀመጥ ዲስኩ ላይ የሚይዘው ቦታ ይጨምራል፤ ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ አንጠይቅም። ወደ ዓምድ ያላወጣነውን ነገር፣ ለምሳሌ የማሸጊያ ዓይነትን ወይም በግርጌ የሠፈረ ማስታወሻን፣ ስትፈልጉ ፍለጋው እንደ ቀድሞው ይዘገያል። አንድን ነገር ደጋግማችሁ የምትፈልጉት ከሆነ ንገሩን፤ ዓምድ ከፍተን ከአሮጌዎቹ ሰነዶች ጭምር እናወጣዋለን። ዋናው ፋይል በእጃችን ስላለ ይህን በማንኛውም ጊዜ ማድረግ እንችላለን።

ከእናንተ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አቅራቢው የላከላችሁን ፋይል ራሱን ላኩልን፤ በኤክሴል ወይም በሌላ ፕሮግራም ከፍታችሁ መልሳችሁ አታስቀምጡት፤ የፊደል አቀማመጡም አሻራውም ይለወጣልና። ባንካችሁ ወይም አቅራቢያችሁ አዲስ ፕሮግራም ልንጀምር ነው ካላችሁ አንድ የሙከራ ፋይል አስቀድማችሁ ስጡን።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። አሮጌ ሰነዶቻችሁን በሙሉ በአዲሱ መንገድ እንደገና አንብበናል። ከዚህ ቀደም ፈልጋችሁ «ምንም አልተገኘም» የተባላችሁበት ደረሰኝ ወይም የባንክ መግለጫ ካለ፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ፈልጉት። በዚያ መልስ ምክንያት አቅራቢውን ሌላ ቅጂ የጠየቃችሁ፣ ክፍያ ያዘገያችሁ ወይም ሒሳብ ያስተካከላችሁ ካላችሁ አሳውቁን፤ ሰነዱ መቼ እንደገባና ለምን እንዳልታየ የሚገልጽ የጽሑፍ ማረጋገጫ ማኅተም አድርገን እንሰጣችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ የቴክኒክ ክፍል
አዲስ አበባ