የቆሻሻ ጉብኝቱ ከኅዳር 12 በፊት ይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ስለ ቆሻሻ ለማስተማር ጉብኝት ሲያዘጋጁ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት የዓመቱን ማብቂያ ነው፤ ቦታው ደግሞ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ይሆናል። ስድሳ ልጅ ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ አፍንጫውን ይዞ ይቆማል፣ እዚያ ለቅሞ የሚያድረውን ሰው አፍጥጦ አይቶ ይመለሳል። ከዚህ ልጁ የሚይዘው ነገር ቢኖር ቆሻሻ የሌላ ሰው ጉዳይ መሆኑን ነው። ጉብኝቱ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መጀመሪያ፣ ኅዳር ሳይታጠን ይሁን እንላለን።

ኅዳር 12 በየደጁ የሚነደው ክምር በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ (የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ) ጋር ተያይዞ የሚነገር ልማድ ነው። ያኔ የሚጤሰው ቅጠልና ጥራጊ ነበር። ዛሬ ፌስታሉም፣ ያረጀ ጫማውም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባሱም አብሮ ይነዳል፤ ጭሱም መርዝ አለው። የሚያስቆጨው ግን ሌላ ነው፤ በዚያ ቀን አመድ የሚሆነው ደረቅ ቅጠልና ገለባ የትምህርት ቤት ኮምፖስት (ከሚበሰብስ ጥራጊ የሚዘጋጅ ማዳበሪያ) ሁልጊዜ የሚያጥረው ነገር ነው። ልጣጭና ትርፍራፊ የትም አይጠፋም፤ የኮምፖስቱን ክምር የሚያከሽፈው የደረቁ ማነስ ነው።

ጉብኝቱ ከግቢ ይጀመር። የአንድ ቀን ቆሻሻ ሸራ ላይ ይዘርገፍና በአራት ይለይ፦ የሚበሰብስ፣ ቆራሌው የሚገዛው፣ ማንም የማይፈልገው ስስ ላስቲክ፣ አደገኛው (ባትሪ፣ ምላጭ፣ ስባሪ ጠርሙስ፣ መርፌ)። አደገኛውን መምህሩ በወፍራም ጓንት ያንሳ እንጂ ልጆች አይንኩት። እያንዳንዱ ይመዘን፣ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ፌስታሉ ክምሩ ሲታይ ተራራ ያክላል፣ ሚዛን ላይ ግን እዚህ ግባ አይባልም። ሰብሳቢ ለምን እንደማይለቅመው ልጆቹ ያን ጊዜ ይገባቸዋል፤ በኪሎ ለሚሸጥ ሰው ቀኑን ሙሉ ፌስታል መልቀም አያዋጣም።

ከግቢ ሲወጡ መጀመሪያ የሚኬደው ዕቃ ለይቶ ወደሚሸጥ ሰው ዘንድ ነው። ምን ይገዛል፣ በኪሎ ነው በፍሬ፣ ምኑን ይመልሳል? እዚያው አንድ ባልዲ ውኃ ይቅረብ። ከሃይላንድ አካል ጥፍር የምታህል ቁራጭ፣ ከክዳኑም እንዲሁ በመቀስ ቆርጦ ውኃው ውስጥ ማስገባትና በጣት ደፈቅ ማድረግ ነው። የአካሉ ቁራጭ ይሰምጣል፤ የክዳኑ ተመልሶ ይንሳፈፋል፤ የፌስታል ቁራጭም እንደ ክዳኑ ነው። ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ መሆናቸውን ልጁ በዓይኑ አየ ማለት ነው። አብረው ቢቀልጡ የሚወጣው ዕቃ ደካማ ስለሚሆን ነው ክዳን የሚነቀለው።

ጣና ዳር መውረድም ደግ ነው፤ ደንገሉ መሐል የተጠመደውን ላስቲክ ማየት ከብዙ ገለጻ ይሻላል። ሁለት ነገር ግን ይጠበቅ። ቢልሃርዚያ ስላለ ማንም ውኃው ውስጥ አይግባ፤ እጅም አይታጠብበት። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረምም ለኮምፖስት ተብሎ ወደ ትምህርት ቤት ተጭኖ አይምጣ። ከአካሉ ከመቶ ዘጠና እጁ በላይ ውኃ ስለሆነ ክምሩን ያጨቀየዋል፤ ፍሬው ደግሞ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ በደንብ ያልጋለ ክምርም አይገድለውም። ያን ኮምፖስት ቦይ ዳር የበተነ ሰው እምቦጭ ዘራ ማለት ነው።

አሁን ወደ ኮምፖስቱ ክምር። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ቁመቱም አንድ ሜትር ይሁን፤ ከዚህ ያነሰ ሙቀት አይዝም። ስድስት ጆንያ ደረቅ ቅጠልና ገለባ፣ ሁለት ጆንያ ልጣጭና እርጥብ ሣር፣ አንድ ጆንያ ፍግ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ጀሪካን ውኃ ይበቃል። ጥላ ያለበት፣ ውኃ የማይተኛበት ባዶ አፈር ላይ ነው የሚከመረው። የከተማችን ዘምባባ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ ከበቆሎ አገዳ ጋር ከሥር ይነጠፍ፤ አየር ያስገባል። ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ፣ የዚያን ሲሶ እርጥብ፣ ሳሳ ያለ ፍግ፣ እፍኝ እፍኝ አፈር፣ ውኃ፤ እንደገና ደረቅ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይቱ ብስባሴውን ስለሚያዘገይ ብዙ አይግባ። የጫት ገራባም እንጨቱ ካልተከተከተ ዓመት ይቀመጣል። ወጥ የነካው እንጀራና አጥንት አይጥ ይጠራልና ይቅር።

መሐሉ ላይ ረጅም ዘንግ ይተከልና ክምሩ በጆንያ ይሸፈን። በአምስተኛው ቀን ዘንጉ ሲነቀል እጅ የሚያቃጥልና ወዝ ያለው ከሆነ ሥራው ይዟል። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ አንሶታል፤ ጉንዳን ሲገባበትም ምክንያቱ ይኸው ነው። የሽንት ዓይነት ሽታ ካለው እርጥቡ ወይም ፍጉ በዝቷል፣ ደረቅ ይጨመርበት። እንደ ገማ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷልና ይገልበጥ። ከውስጡ እፍኝ አፍሶ መጭመቅም ይረዳል፤ በጣት መሐል ጠብታ ቢጤ ከታየ ልኩ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል። በየሁለት ሳምንቱ እየተገለበጠ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ትምህርት ቤት የሚወድቀው። ፎቶ ይነሣል፣ ክምሩ ይረሳል፣ ለዕረፍት ሲዘጋ ይደርቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል የመገልበጫ ተራ ይውጣለት፤ በዕረፍት ጊዜ ደግሞ ለጥበቃው ወይም ለአትክልተኛው የውኃ ኃላፊነት ከነአበሉ ይሰጠው። የሚጎበኙት ሰብሳቢዎችም የሥራ ሰዓታቸውን ነው የሚሰጡን፤ ለአውቶቡስ የሚከፈል ገንዘብ ካለ ለእነሱም ግማሽ ቀን ይከፈላቸው። ቅዳሜ ገበያ ነውና ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይመረጥ። በአንድ መምህር ከሃያ አምስት ልጅ በላይ አይሂድ።

በኅዳር መጀመሪያ የተከመረ መጋቢት ላይ ይደርሳል። ጠቁሮ የጫካ አፈር ሲሸት በወንፊት ተነፍቶ፣ ከዝናብና ከፀሐይ ተጠብቆ ይቀመጥ። ለችግኝ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይደባለቃል፤ ወንፊቱ ላይ የቀረው ስብርባሪ ለሚቀጥለው ክምር መነሻ ይሆናል።

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አስተባባሪ መምህራን
ባሕር ዳር