የሶላሩ ሒሳብ በሐምሌና በነሐሴ ይሠራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከስሜን ተራሮች ደጋ እስከ መተማና ቋራ ቆላ ድረስ የመብራት መስመር ያልደረሰበት ቦታ ብዙ ነው። እዚያ የሚተከል አውቶማቲክ የአየር ሁኔታ ጣቢያ የሚንቀሳቀሰው በሶላር ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየሰዓቱ መረጃ ሲልክ ይከርምና ሐምሌ ሲገባ ድምፁ ይጠፋል። መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ ማንም ሳይነካው ነቅቶ መላክ ይጀምራል። በመዝገቡ ላይ ባዶ ሆኖ የሚቀረው እንግዲህ ገበሬውም፣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚያዘጋጀውም አጥብቆ የሚፈልገው የዋናው ዝናብ ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ በቅድሚያ የሚወቀሰው መሣሪያው ወይም ኔትወርኩ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ፓኔሉና ባትሪው ሲመረጡ በተሠራው ሒሳብ ላይ ነው። ሒሳቡ የዓመቱን አማካይ ፀሐይ ይዞ ይሠራል፤ በአማካይ ፀሐይ ደግሞ ክረምት አይታለፍም።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከፍጆታ ነው። መረጃውን የሚመዘግበው ዳታ ሎገርና የነፋስ፣ የሙቀትና እርጥበት፣ የአየር ግፊት፣ የጨረርና የዝናብ መለኪያዎቹ አንድ ላይ በአማካይ 25 ሚሊ አምፒር ይወስዳሉ እንበል። መረጃውን በስልክ ኔትወርክ የሚያስተላልፈው ሞደም ሲልክ 300 ሚሊ አምፒር ይስባል፤ በየሰዓቱ 5 ደቂቃ ብቻ ከበራ አማካዩ 25 ይሆናል። ድምሩ 50 ሚሊ አምፒር፣ በ24 ሰዓት 1.2 አምፒር ሰዓት ነው፤ በ12 ቮልት 14 ዋት ሰዓት ገደማ። ያው ሞደም ቀን ከሌት እንደበራ ከተተወ ግን በአማካይ 80 ሚሊ አምፒር ሊወስድ ስለሚችል የቀኑ ፍጆታ ወደ 2.5 አምፒር ሰዓት ይዘላል። ሲግናል በደከመበት ሸለቆ ደግሞ ኃይሉን ጨምሮ ደጋግሞ ይሞክራል። ስለዚህ ፓኔል ከማሳደግ በፊት ሞደሙ በሎገሩ ትእዛዝ እንዲበራና እንዲጠፋ፣ ሙከራውም ከ3 ጊዜ እንዳያልፍ፣ ያልተላከው መረጃ ተቀምጦ በሚቀጥለው ሰዓት እንዲሄድ ማድረግ ይቀድማል። ወደ ኔትወርክ ማማው ያነጣጠረ አንቴና ከፍ አድርጎ መስቀልም ብዙ ኃይል ይቆጥባል። ማኑዋሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከማመን ደግሞ ቴስተሩን መስመሩ ውስጥ አስገብቶ ሞደሙ ሲተኛም ሲልክም ማየት ይሻላል።

የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር ኢንቨርተር አስገብተው የሞደሙን ቻርጀር በዚያ የሚያሠሩም አሉ። ትንሹ ኢንቨርተር ምንም ሳይሠራ 5 ዋት ቢወስድ በቀን 120 ዋት ሰዓት ነው፤ ከጠቅላላው የጣቢያው ፍጆታ ስምንት እጥፍ በላይ። ሁሉም ነገር በ12 ቮልት ይሥራ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ያለ ፀሐይ ስንት ቀን ይቆያል የሚለው ነው። በደባርቅና ከዚያ በላይ ባለው ደጋ፣ ጉም ተኝቶ በሚሰነብትበት ሐምሌ፣ የ3 ቀን መጠባበቂያ ቀልድ ነው። እኛ 10 ቀን እንይዛለን። 1.2 በ10 ሲባዛ 12 አምፒር ሰዓት ይሆናል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ስለሚሻል 24፤ ለእርጅናና ለብርድ ሩብ ያህል ሲጨመር 30፤ ገበያ ላይ ካለው 33 ወይም 38 ይወሰዳል። እስከዚህ ብዙ ሰው ይስማማል፤ ሒሳቡ የሚበላሸው ፓኔሉ ላይ ነው። ለክረምት በቀን ከ3 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ (የቀኑ ብርሃን ሁሉ በጠራ ቀትር ጥንካሬ ሲታሰብ) በላይ መያዝ የለበትም። 10 ዋት ፓኔል በሙሉ ፀሐይ 0.55 አምፒር ያህል ይሰጣል፤ በ3 ሰዓት 1.65፣ ብክነቱ ሲቀነስ 1.4 አምፒር ሰዓት። ፍጆታው 1.2 ነውና በወረቀት ላይ ይበቃል። የሚተርፈው ግን 0.2 ብቻ ነው። ባትሪው አንዴ 12 አምፒር ሰዓት ከጎደለበት ያንን ለመመለስ 60 ቀን ይፈጅበታል፤ ሐምሌና ነሐሴ አለቁ ማለት ነው። በ20 ዋት ፓኔል በቀን 1.6 ይተርፋል፤ ጉድለቱ በ8 ቀን ይሞላል። የሁለቱ ፓኔሎች የዋጋ ልዩነት ጣቢያው ድረስ አንዴ ለመመላለስ ከሚወጣው ነዳጅና አበል ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ግዥ ላይ ግን ሁልጊዜ የሚቆረጠው እሱ ነው።

የፓኔሉ አቀማመጥ ስሕተት ደግሞ ከውጭ ማኑዋል የተቀዳ ነው። ለአውሮፓ የተጻፈ መመሪያ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ 45 ወይም 60 ዲግሪ ያቆመዋል። እዚያ የሚያስቸግረው የታኅሣሥ ፀሐይ ስለሆነ ትክክል ነው። ጎንደር ያለችው ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን አልፋ በስተሰሜን ትውላለች፤ ሰኔ 14 አካባቢ 11 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትርቃለች። ወደ ደቡብ 45 ዲግሪ የቆመ ፓኔል በዚያ ቀን ቀትር ላይ የሚያገኘው ከቀጥታው ጨረር 56 በመቶውን ብቻ ነው። 15 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል 90 በመቶውን ያገኝ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ 36 ዲግሪ ወደ ደቡብ ስትወርድም ያው 15 ዲግሪ 93 በመቶ ይሰጣል። ሰማዩ ሲደፈን ደግሞ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ተበትኖ ስለሚመጣ ቀጥ ብሎ ከቆመው ይልቅ የተኛው ፓኔል ብዙ ሰማይ ያያል። እንግዲያው ጨርሶ ለምን አይተኛም ቢባል፣ ከ10 ዲግሪ በታች ውሃው አቧራውን ይዞ አይወርድም። በታችኛው የፍሬም ጠርዝ ላይ ጭቃ ሆኖ ይደርቅና የታችኛውን ረድፍ ሴሎች ይሸፍናል። አቅጣጫ ለማየት የስልክ ኮምፓስ ይበቃል፤ ከብረት ምሰሶው 3 ወይም 4 ሜትር ራቅ ብሎ ይያዝ።

ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ማለፏ ሌላም መዘዝ አለው፤ ይህን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ፓኔሉን በነፋስ መለኪያው ምሰሶ ላይ፣ ከሎገሩ ሳጥን በታች፣ በደቡብ በኩል ማሰር የተለመደ ነው። በጥርና በየካቲት ጥላው ወደ ሰሜን ስለሚወድቅ ምንም አይታይም። በሰኔና በሐምሌ ግን በ6 ሰዓት የሳጥኑና የምሰሶው ጥላ ወደ ደቡብ ይዞርና ፓኔሉ ላይ ያርፋል፤ ደመናው ገለጥ ባለባት በዚያች ሰዓት ማለት ነው። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ሴል ሙሉ በሙሉ ብትሸፈን የሁሉም አቅም አብሮ ይወርዳል። መፍትሔው ፓኔሉን ለብቻው በ2 ሜትር ቱቦ ላይ፣ ከምሰሶው 4 ሜትር ያህል በስተደቡብ ማቆም ነው። የ10 ሜትር ምሰሶ በሰኔ ቀትር ወደ ደቡብ የሚጥለው ጥላ 2 ሜትር አይሞላም። የዝናብ መለኪያው ከፓኔሉ ከፍታ ቢያንስ እጥፍ ይራቅ፤ የሙቀት መለኪያውም ፓኔሉ የሚተፋው ሙቀት እንዳይደርሰው ራቅ ብሎ ይተከል።

ባትሪን በተመለከተ፣ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የመኪና ባትሪ ለዚህ አይሆንም። በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ስስ ናቸው፤ ሞተር ለማስነሳት ለአፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጡ እንጂ ለሳምንት ቀስ በቀስ እንዲራገፉ አልተሠሩም። ጥቂት ጊዜ ከግማሽ በታች ሲወርድ ያልቅለታል። ለሶላር የተሠራው ድፍን የእርሳስ ባትሪ በደጋም በቆላም ይሠራል፤ ዕዳው ግን ይለያያል። ዜሮ ዲግሪ ላይ አቅሙ 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል። መተማ ላይ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል፤ ስለዚህ ሳጥኑን ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ነጭ መቀባትና በየ2 ዓመቱ አዲስ ባትሪ በበጀት መያዝ ግድ ነው። ሊቲየሙ ቀላልና ዕድሜ ያለው ነው፤ ለቆላው እንመርጠዋለን። ከዜሮ በታች ግን ቻርጅ መደረግ የለበትም። በ3,600 ሜትር ከፍታ፣ በስሜን ተራሮች ጨነቅ አካባቢ፣ የበጋ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል በማለዳ የመጀመሪያው ፀሐይ ፓኔሉን ስታገኘው ባትሪው ገና በረዶ ነው። ብርድ ሲሆን ቻርጁን የሚያቆም መከላከያ ከሌለው ሊቲየም ደጋ አይውጣ።

በፓኔሉና በባትሪው መካከል ሆኖ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ትንሽ ዕቃ ነው፤ የብዙው ብልሽት ምንጭ ግን እሱ ነው። ርካሾቹ ለመንገድ መብራት የተሠሩ ስለሆኑ ሲገዙ የተዘጋጁት ሲመሽ አብርተው ሲነጋ እንዲያጠፉ ነው። ወደ 24 ሰዓት አሠራር ካልተቀየሩ ጣቢያው ሌሊት እየሠራ ቀን ይተኛል፤ ሊጠግን የመጣው ሰው ሎገሩን ፈትቶ ይደክማል። አንዳንዶቹ ደግሞ ባትሪው 10.8 ቮልት እስኪደርስ አይቆርጡም። እንዲህ ባለ ትንሽ ጭነት 10.8 ማለት የተሟጠጠ ባትሪ ነው። 11.8 ላይ እንዲቆርጥ፣ 12.6 ሲደርስ ራሱ እንዲመልስ ይስተካከል፤ ለመመለስ ቁልፍ ተጫኑኝ የሚል ኮንትሮለር ሰው በሌለበት ቦታ አይገጠም። የሙቀት ሴንሰር ያለው ይመረጥ፤ ሴንሰሩም ባትሪው ላይ ይለጠፍ። በ25 ዲግሪ 14.4 ቮልት የሚበቃው ባትሪ በ5 ዲግሪ 14.8 ያህል ይፈልጋል፤ ካላገኘ ሙሉ ሳይሞላ እየከረመ ሳህኑ ይደነድናል። ኮንትሮለሩ ተራው ዓይነት ከሆነ 36 ሴል ያለው፣ 18 ቮልት አካባቢ የሚሠራ ፓኔል ይገዛ፤ የቤት ጣሪያ ላይ የሚወጣው ባለ 30 ወይም 40 ቮልት ፓኔል እዚህ ከአቅሙ ከግማሽ በላይ በከንቱ ይቀራል። ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓኔሉ፣ በመጨረሻ ጭነቱ ይያያዝ፤ ሲፈታ በተቃራኒው። ፓኔሉ ከቀደመ ኮንትሮለሩ ሲስተሙን 24 ቮልት ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ባትሪው ከሎገሩ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አይታሸግ፤ የሚወጣው ጋዝ መተንፈሻ ይፈልጋል፣ የሎገሩን ቦርድ ግንኙነቶችም ይበላል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይርቅ 5 አምፒር ፊውዝ ይግባ። ገመዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ሆኖ ወደ ሳጥኑ ከታች ይግባ፤ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ውሃው እዚያ ይንጠባጠብ። ቀዳዳው በጎማ ካልታሰረ ጉንዳንና ተርብ ይሰፍሩበታል። መሬት ለመሬት የሚሄደው ገመድ በብረት ቱቦ ይለፍ፤ አይጥ ፕላስቲኩን ትበላዋለች። ነጭ የፕላስቲክ ማሰሪያ በደጋው ፀሐይ ቶሎ ይሰባበራል፤ ጥቁሩ ወይም የብረቱ ይሻላል። ለመብረቅ ምሰሶው በመዳብ ሽቦ ከምድር ጋር ይያያዝ። ቋጥኝ ሆኖ ዘንግ አልገባ ካለ ሽቦውን በየአቅጣጫው ዘርግቶ መቅበር ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ አውድማ አጠገብ ያለ ፓኔል እብቅና አቧራ ይለብሳል። ጥበቃው በየ15 ቀኑ በማለዳ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጥረገው፤ በአመድና በአሸዋ እንዳያሸው ይነገረው። ስለ ጥበቃው ካነሳን፣ ከባትሪው ስልክ እንዳትሰካ ብሎ መከልከል የትም አያደርስም። 4,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው አንድ ስልክ ለመሙላት 15 ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ይኸውም ጣቢያው ሌት ተቀን ከሚወስደው ጋር እኩል ነው። ጎረቤቱም ስልኩን ይዞ ሲመጣ ሒሳቡ አለቀ። ለጥበቃው ቤት ለብቻው ትንሽ ፓኔልና ሁለት አምፖል መግዛት ከማንኛውም ቁልፍ የተሻለ መከላከያ ነው።

ጣቢያዎች የሚረከቡት አብዛኛውን ጊዜ በጥርና በየካቲት ነው፤ ያኔ የማይሠራ ሶላር የለም። ርክክቡ ላይ ባትሪው ከሞላ በኋላ ፓኔሉ ለ3 ቀን በሸራ ይሸፈን። ቮልቴጁ ከ12.5 በታች ከወረደ ወይ ፍጆታው ከተባለው በላይ ነው ወይ ባትሪው አርጅቷል። ሎገሩም የባትሪውን ቮልት ከዝናቡና ከሙቀቱ ጋር አብሮ ይላክ፤ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ያለው ቁጥር በተከታታይ ቀናት ሲወርድ ከታየ ጣቢያው ሳይጠፋ ሰው መላክ ይቻላል። በጨረታ ሰነዱ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ጣቢያው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሳይቋረጥ መላኩ ታይቶ መስከረም ላይ ነው የሚል አንድ መስመር ይጨመር።

በሶላር ተከላና ጥገና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች፣ ከጎንደር