ጣናን የሐይቁ ሰዎች ራሳቸው ያንሱት፦ ለፎቶ ውድድራችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ባለፈው ኅዳር በፎገራ በኩል ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን ነበር። አንዲት እናት እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ከጎረቤቶቻቸው ጋር እምቦጭ ይነቅላሉ። ከመካከላችን አንዱ ካሜራውን ሲያነሳ ቀና አሉና «ይኼ ፎቶ የት ነው የሚሄደው?» ብለው ጠየቁት። ተቆጥተው አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። በየዓመቱ ሰው እየመጣ እንደሚያነሳቸው፣ እስከ ዛሬ ግን አንዱንም ፎቶ በዓይናቸው እንዳላዩ ነገሩን። የምንመልስላቸው አልነበረንም። አንገታችንን ደፍተን ተመለስን።

እኛ ባሕር ዳር የምንኖር ፎቶ አንሺዎች ነን። አንዳንዶቻችን በፎቶ ቤትና በሠርግ ሥራ እንተዳደራለን፤ የቀረነው በስልካችን የምናነሳ መምህራን፣ ተማሪዎችና የጀልባ ሠራተኞች ነን። በመጪው ጥቅምትና ኅዳር በጣና ዙሪያ የፎቶ ውድድር ልናካሂድ ተነስተናል። ተወዳዳሪዎቹ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ብቻ ናቸው፦ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ታንኳ ሠሪዎች፣ እምቦጭ የሚነቅሉ ገበሬዎች፣ የዘጌ ቡና ለቃሚዎች፣ ልጆቻቸውም። ካሜራ ያለው በካሜራው፣ የሌለው በስልኩ ይወዳደራል። ስልክም ለሌለው ለሦስት ቀን የምናውሰው ካሜራ አዘጋጅተናል።

የጣና ፎቶ ሲባል ብዙ ጊዜ የምናየው የገዳማቱን ሥዕል፣ የምትጠልቅ ፀሐይንና ከሩቅ የሚታይ ታንኳን ነው። እኔም ለዓመታት ያነሳሁት ይህንኑ ነበር። ታንኳውን ማን እንደሠራው፣ ታንኳው የሚሠራበትን ደንገል፣ ያንን የውሃ ዳር ረጅም ሣር መሰል ተክል፣ ከየትኛው ዳርቻ አጭዶ እንዳመጣው አይታይም። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በጥቂት ወራት ውስጥ በአዲስ መተካት አለበት። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባቶች ይህን ሙያ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይዘውት ኖረዋል። ዛሬ ግን ዳርቻው እየታረሰ ደንገሉ ሸሽቷል፤ ብዙ ርቀው ሄደው ነው የሚያጭዱት። አንድ ሽማግሌ ደንገሉን በገመድ ሲያስሩ እጃቸው እንዴት እንደሚሄድ በቅርብ የሚያውቀው የራሳቸው ልጅ ነው። ያንን ፎቶ ከእርሱ የተሻለ የሚያነሳው የለም ብዬ አምናለሁ።

እምቦጩንም እንዲሁ። አረሙ ጣና ላይ መታየት ከጀመረ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዘመቻ ተደርጓል። በተለይ የ2013ቱ የጥቅምት ዘመቻ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ዘመቻው ሲያልቅ ካሜራው ሁሉ ይሄዳል፤ ደምብያና ሊቦ ከምከም ያለው ገበሬ ግን ከከብቱ የግጦሽ መሬት ላይ አረሙን ሲገፋ ይከርማል። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግበው ሰውና ሐይቁ አብረው የሚኖሩበት ቦታ ነው ብሎ ነው። እንግዲያው የሰውየውም ወገን ይታይ።

አምና በትንሹ ሞክረን ነበር፤ ከስህተታችንም ብዙ ተምረናል። ትልቁ ስህተት በቴሌግራም የተላኩልን ፎቶዎች ተጨምቀው መምጣታቸው ነው። አንደኛ የወጣውን ፎቶ አስፍተን ልናሳትም ስንል ፊቱ ሁሉ ተበታተነ፤ ከደብተር ገጽ አላልፍም አለ። ያነሳው ልጅ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሆኖ ሊያየው ጓጉቶ መጥቶ ነበርና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዘንድሮ ፎቶው «ፎቶ» ተብሎ ሳይሆን «ፋይል» ተብሎ ነው የሚላከው። በየቀበሌው የምናሰማራቸው አስተባባሪዎች ከስልኩ ላይ በቀጥታ ገልብጠው እንዲያመጡም ወስነናል። ኔትወርክ በማይገኝበት ቦታ ከዚህ ሌላ መንገድ የለም።

ሁለተኛው ለውጥ የዚያች እናት ጥያቄ ያመጣው ነው። በፎቶው ላይ የሚታየው ሰው መፍቀዱና ስሙና መንደሩ ለአስተባባሪው ያልተነገረበት ፎቶ አይወዳደርም፤ ልጅ ከሆነ ወላጅ ይፈቅዳል። ስሙን አናወጣውም፤ የምንፈልገው ፎቶው ታትሞ ወደ ቤቱ እንዲመለስለት ነው። ለዳኝነት የተመረጠም ያልተመረጠም፣ በውድድሩ ፎቶ የተነሳ ሰው ሁሉ አንድ አንድ የታተመ ፎቶ ይደርሰዋል። ከበጀታችን ከባዱ ክፍል ሕትመት የሆነው አንድም ለዚህ ነው። አንዳንድ ወዳጆቻችን «ሽልማቱን አሳድጉት፣ ሰው በሽልማት ነው የሚመጣው» ብለውን ነበር። አክብረን ሰምተናቸዋል፤ ሐሳባችንን ግን አልቀየርንም።

የገዳማት ውስጠኛ ክፍል በውድድሩ የለም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም፤ ግማሹ ተወዳዳሪ የማይደርስበትን ቦታ ለሽልማት ማቅረብ ትክክል አይደለም። ጥንታዊ ሥዕሎችንም ፍላሽ ይጎዳቸዋል ተብሎ ይፈራል። ፎቶዎቹ ለዳኞች የሚቀርቡት በቁጥር ነው፤ ያነሳው ሰው ስም አይታይም። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቁ ላይ የኖሩ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ፎቶው እውነት ይሁን ለፎቶ ተብሎ የተደረደረ፣ እሳቸው በአንድ እይታ ይለዩታል።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ጠቅላላ ወጪው 380,000 ብር ነው። ከዚህ 120,000 ብሩ ለ60 ትልልቅ የአውደ ርዕይ ፎቶዎች ሕትመትና ፍሬም ነው። ለተነሱት ሰዎች የሚሰጡ 600 ትንንሽ ፎቶዎች 60,000 ብር ይፈጃሉ። ለጀልባ ኪራይና ለነዳጅ 65,000፣ አውደ ርዕዩን ከባሕር ዳር ወደ ወረታ፣ ወደ ጎርጎራና ወደ ደቅ አጓጉዞ ለማሳየት 45,000 ብር ይዘናል። የቀረው 90,000 ለሽልማት ነው፦ አንደኛ 30,000፣ ሁለተኛ 20,000፣ ሦስተኛ 15,000፣ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ አምስት ልጆች ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 5,000 ብር። ከራሳችን ኪስ 92,000 ብር አዋጥተናል። የጎደለን 288,000 ብር ነው።

አንድ ድርጅት ሙሉውን ወጪ እሸፍናለሁ ብሎን እንደነበር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ቅድመ ሁኔታው የሚላኩት ፎቶዎች ሁሉ፣ ያሸነፉትም ያላሸነፉትም፣ የድርጅቱ ንብረት እንዲሆኑ ነበር። ሦስት ቀን ተወያየን። ገንዘቡ ያስፈልገን ነበር፤ ቢሆንም አይሆንም አልን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠብቃቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል። የዓሣ አስጋሪን ልጅ ሥራ በአንድ ፊርማ አሳልፈን የምንሰጥበት ምክንያት አልታየንም። ስፖንሰር የሚሆነን ድርጅት ስሙ በአውደ ርዕዩ መግቢያና በምስክር ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፤ የተሸለሙትን ፎቶዎች ለአንድ ዓመት፣ ያነሳውን ሰው ስም ጠቅሶ፣ ማሳየት ይችላል። የፎቶው ባለቤት ግን ያነሳው ሰው እንደሆነ ይቀጥላል። በዚህ የሚስማማ የንግድ ቤት፣ ሆቴል፣ ማኅበር ካለ በደስታ እንቀበላለን።

ከእያንዳንዳችሁ የምንጠብቀው ከባድ አይደለም። 100 ብር አንድ ሰው የራሱን ፎቶ እጁ እንዲያገኝ ያደርጋል። 2,000 ብር አንድ ትልቅ ፎቶ አውደ ርዕይ ላይ ያቆማል። ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ጥምር ፊርማ ነው፤ ከሦስቱ አንዷ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ገቢና ወጪው በየአሥራ አምስት ቀኑ ከነደረሰኙ ይለጠፋል። በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን በባንክ በኩል ብቻ ላኩልን፤ በሰው እጅ የተላከ ገንዘብ አንቀበልም። ከ288,000 ብር በላይ ከመጣ ትርፉ ለተጨማሪ ሕትመት ይውላል። ከጎደለ የምንቀንሰው ከአውደ ርዕዩ ነው፤ ወደየቤቱ ከሚመለሱት 600 ፎቶዎች አንድም አንቀንስም።

ገንዘብ የሌላችሁም ብዙ ልታግዙን ትችላላችሁ። የማትጠቀሙበት ካሜራ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ፓወር ባንክ ካላችሁ እንፈልገዋለን። ከሁሉ አስቸኳዩ ግን ፕላስቲክ ቦት ጫማ ነው። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ፣ ከውሃው በቆዳ በኩል የሚገባ በሽታ፣ አለ፤ አንድም ልጅ ለፎቶ ብሎ ባዶ እግሩን ውሃ ውስጥ እንዲገባ አንፈቅድም። ከዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ ስላለ እዚያ የሚያነሱት ከጀልባ ሠራተኛ ጋር ብቻ ይሆናል፤ ጀልባውን በነፃ ለአንድ ቀን የሚሰጠን ካለ የነዳጁን እኛ እንችላለን።

አንድ ልመና ይቀረኛል። በአውደ ርዕዩ አንድ ጥግ የድሮ ፎቶዎች እንዲኖሩ እንፈልጋለን። ከሐይቁ ዳር ተነስታችሁ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ወይም ከደምብያ መንደሮች እስራኤል የገባችሁ ቤተሰቦች፣ በአልበማችሁ ውስጥ ጣና የሚታይበት ፎቶ ካለ ዋናውን አትላኩብን፤ በፎቶ ቤት ስካን አስደርጋችሁ ፋይሉን ላኩልን። ከጀርባው የተጻፈ ነገር ካለ ጀርባውንም ስካን አድርጉት። እስከ መስከረም 20 የደረሰን ሁሉ ይታተማል።