ኮምፒውተራችሁን ለምን እንደምናሳድር

ውድ ደንበኞቻችን፣

«የራም ፍጥነት ለመጨመር አምስት ደቂቃ አይበቃም? ለምን ታሳድሩብናላችሁ?» የምትሉን በዝታችኋል። ራም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል ነው። እውነት ነው፣ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ) ገብቶ ኤክስኤምፒን (ለራሙ የተዘጋጀውን የፍጥነት ማስተካከያ) ማብራት አምስት ደቂቃም አይፈጅም። የምናሳድረው ከዚያ በኋላ ላለው ሥራ ነው።

በቅርቡ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኖ መጣ። ጠዋት ሰላም ነው፤ ከሰዓት ሬንደር ሲጀምር (ያቀናበረውን ቪዲዮ ጨርሶ ሲያወጣ) ሰማያዊ ስክሪን። ዊንዶውሱን ሁለቴ ፎርማት አስደርጓል። እኛ ጋ ጠዋት ተከፍቶ ምንም አልሆነም፤ እንደውም ልጁን ትንሽ ታዝበነው ነበር። ባዮሱን ስናይ ግን የራሙ ፍጥነት 3600 ላይ፣ ቮልቴጁ ደግሞ 1.5 ቮልት ላይ ነው። ለካ ስታክ ባደረገ ቁጥር ቮልቴጅ ሲጨምርለት ከርሟል።

ዲዲአር4 የሚባለው የራም ዓይነት መደበኛ ቮልቴጅ 1.2 ነው። ኤክስኤምፒ ሲበራ አብዛኛውን ጊዜ 1.35 ይሆናል። ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጅም ትንሽ ከፍ ማለቱ ያግዛል፤ እስከ ልኩ ድረስ። ከዚያ በላይ ትርፉ ሙቀት ነው። ራም መረጃ የሚይዘው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ቻርጁ እንደሚያፈስ እንስራ ቀስ እያለ ይጎድላል። ስለዚህ በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ መልሶ መሙላት አለበት። ሲሞቅ ደግሞ ማፍሰሱ ይብሳል። የአዳማን የከሰዓት ሙቀት ለእናንተ መንገር አይጠበቅብንም፤ አቧራው ፋኑን ሲደፍነው ደግሞ አስቡት።

የልጁን ቮልቴጅ ወደ 1.35፣ ፍጥነቱን ወደ 3200 መለስነው። ፋኑንም ጠረግን። ከዚያ ሜምቴስት86ን (ራም የሚፈትሽ ፕሮግራም) በፍላሽ አስነስተን አሳደርነው። አራት ዙር፣ ዜሮ ስህተት። አንድ ስህተት እንኳ ብትገኝ አንመልስለትም ነበር፤ ያቺ አንዷ ኮምፒውተሩን ሳታጠፋ ፋይል ልታበላሽ ትችላለች፣ ይሄ ከሰማያዊ ስክሪን ይብሳል። ልጁ በሬንደር ሰዓት ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አላየሁም ብሎናል።

ፈተናው መሃል መብራት ከሄደ ከዜሮ ይጀመራል። ዩፒኤስ አለን፣ ግን እሱም ሌሊቱን ሙሉ አይዘልቅም። አንዳንዴ «ነገ» ብለን «ከነገ ወዲያ» የሚሆንብን ለዚህ ነው፤ ይቅርታ። ለማሳደሩ ግን ተጨማሪ አናስከፍልም።

ራም ነካክታችሁ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ አትደንግጡ። ከሶኬት ንቀሉት፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና መልሱ። አብዛኛውን ጊዜ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቁጥሩ ይመለሳል።

ወደ እኛ ስትመጡ ደግሞ ከተቻለ የቀየራችሁትን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አምጡልን። «እኔ ምንም አልነካሁም» ከሚለው ይልቅ እሱ ሥራችንን ያቀልልናል።

ከሱቁ ቴክኒሻኖች፣ አዳማ