የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ፎቶውን አትሽጡ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ማስታወቂያ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ከሥነ ጥበብ ወጥቷል መባሉ ስህተት ነው። ኢትዮጵያዊቷ ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ዳሎል ላይ ያነሳቻቸው የውሃ ፎቶዎች ዋተርኤድ በተባለው የንጹሕ ውሃ በጎ አድራጎት ድርጅት ትእዛዝ የተሠሩ ናቸው፤ ለንደን በሚገኘው የጥበብ ማዕከል በሰመርሴት ሃውስ ለዕይታ የቀረቡትም እነዚያው ናቸው።

እዚህ ጎንደር ወጣት ፎቶ አንሺዎቹን የሚጎዳው ማስታወቂያ መሥራቱ ሳይሆን ውሉ ነው። አንድ ሆቴል ከፋሲል ግንብ ፊት የተነሣ ፎቶ «ገዛሁ» ሲል ዋናውን ፋይል በፍላሽ አስረክበው ይሄዳሉ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራ መብት ለ25 ዓመት ይጠበቃል፤ እንዴት በአንድ ቀን ክፍያ ይለቀቃል? ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ቢልቦርድ ነው ካላንደር፣ ለስንት ወር፣ በየትኛው ከተማ። ውሉ ገደብ ከሌለው፣ ያው ፎቶ በኋላ በ10 ቅጂ ብቻ ታትሞ ለጋለሪ ቢቀርብ፣ በየቡና ቤቱ ካላንደር ላይ ያየውን ማን በውድ ይገዛል?

የተነሣው ሰውም ለማስታወቂያ መሆኑን አውቆ ይፈርም። ጥምቀት ላይ የተነሡ ካህን ሳይጠየቁ የሸቀጥ ማስታወቂያ ላይ ሲወጡ ቅሬታቸው ተገቢ ነው።

ፎቶው ለማስታወቂያም ለጋለሪም እንዲበቃ አነሣሡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጥምቀቱን ነጭ ልብስ ስናነሳ ካሜራው ከኋላ ላለው ለጠቆረው የግንብ ድንጋይ ብርሃን ይለካና የልብሱ ጥለትና እጥፋት ነጥቶ ይጠፋል። ብርሃኑን በልብሱ ለክቶ በሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው የቀረጸውን ሁሉ ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ ፋይል፣ ማንሳት ያድነዋል። ለጋለሪ ሲታተም ደግሞ 6000 በ4000 ፒክስል ያለው ምስል በኢንች 300 ነጥብ ከሆነ 51 በ34 ሳንቲሜትር ገደማ ይወጣል፤ ቢልቦርድ ግን ከሩቅ ስለሚታይ በኢንች ከዚያ እጅግ ያነሰ ነጥብ ይበቃዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ፎቶ አንሺ፣ ጎንደር ፒያሳ