ሰኞ ሰኞ የሚቀረው ልጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው አንድ አንባቢ የሃይስኩል ተማሪ የሚያቋርጠው ዲሲፕሊን ስለላላ ነው፣ የሚፎርፍ ሁሉ ይባረር ብለው የጻፉትን አነበብኩት። አልፈርድባቸውም፣ እኔም 11 አመት ሆምሩም ሆኜ ሳስተምር እንደሳቸው ነበር የማስበው።

ዘጠነኛ ክፍል አንድ ልጅ ነበረኝ። የመጀመሪያ ፔሬድ ላይ ዴስኩ ላይ ድፍት ብሎ ይተኛል፣ ሰኞ ሰኞ ይቀራል፣ ደብተሩ ባዶ ነው። እኔ ምን አልኩ፣ ወላጅ አምጣ። ከሶስት ቀን በኋላ አጎቴ ነው ያለውን ሰውዬ ይዞልኝ መጣ፣ ሰውየው ፊቴ ቆጣ ቆጣ አለበት፣ ፈረመ፣ ሄደ። በአመቱ ሶስቴ እንደዚህ ተፈራረምን። ኋላ ስሰማ አጎት ተብዬው መንገድ ላይ ለምኖ ያመጣው ሰው ነው (መምህር የሆናችሁ እየሳቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስንቱ የውሸት አጎት ፈርሞልናል)። እናትየው የአልጋ ቁራኛ ናት፣ ሌሊት የሚያገላብጣት መድሃኒት የሚሰጣት እሱ ነው፣ ሰኞ ደግሞ የሃኪም ቀጠሮዋ። ይሄን የሰማሁት ልጁ ካቋረጠ በኋላ ነው፣ እሱም ከክፍል ጓደኛው። አቴንዳንሱ ግን እጄ ላይ ነበር፣ ሰኞ ኤክስ፣ ሰኞ ኤክስ፣ ሰኞ ኤክስ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ እያሰመርኩ አንድ ቀን እንኳን ለምን ሰኞ ብዬ አልጠየኩም።

አደጋ ላይ ያለ ተማሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የሚደባደብና የሚያጨስ ጎረምሳ ነው፣ እኔ ያየሁት ግን አብዛኛው ድምጹን አጥፍቶ ነው የሚወጣው። ምልክቱ ሚስጥር አይደለም እኮ፣ መቅረት፣ ጸባይ መለወጥ፣ ማርክ መውረድ። መቅረቱን ብቻ እንይ፣ ብዙ ቦታ መቅረቱ አሳሳቢ ሆነ የሚባልበት መስመር ከትምህርት ቀኑ 10 ፐርሰንት ነው፣ አመቱ 180 ቀን ከሆነ 18 ቀን፣ ብዙ ይመስላል እንጂ በወር ሁለት ቀን ገደማ ነው። የኔው ልጅ በወር አራት ይቀር ነበር! ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያሉ አጥኚዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳወጡት ዘጠነኛ ክፍልን በቂ ኮርስ አልፎ፣ በዋና ዋና ትምህርቶች ከአንድ በላይ ኤፍ ሳይኖርበት የጨረሰ ልጅ ሃይስኩልን በአራት አመት የመጨረስ እድሉ ካልተሳካለት ልጅ ከሶስት እጥፍ በላይ ነው። አስራ ሁለተኛ ላይ ቲቶሪያል ምናምን ከምናበዛ ዘጠነኛ ላይ ብንነቃ ይሻላል ማለት ነው።

ማን ይስራው ከተባለ መምህሩ ብቻውን አይችልም፣ ይሄን ከራሴ ስለማውቀው ነው። ፊንላንድ በህግ ጣሪያ አስቀምጣለች፣ አንድ የትምህርት ቤት ሶሻል ወርከር ከ670 ተማሪ በላይ አይያዝለትም፣ ሳይኮሎጂስት ከ780። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ካውንስለሮች ማህበር ደግሞ ለአንድ ካውንስለር 250 ይበቃል ይላል። እኔ በጣም የወደድኩት ግን ቼክ ኤንድ ኮኔክት የሚባለውን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፣ አንድ ሰው አንድን ልጅ ይይዝና ቢያንስ ሁለት አመት አይለቀውም፣ መቅረቱን ማርኩን ይከታተላል፣ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገራል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ቢቀይር እንኳን አብሮት ይሄዳል። ሁለት አመት! እኛ እኮ ሴሚስተር ሲቀየር የልጁን ስም እንረሳለን።

ሌላው የቤተሰቡ ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ስልክ ሲደወል የማይደነግጥ ወላጅ አለ? ለጥሩ ነገር ደውለን ስለማናውቅ ነው። ስብሰባውንም በስራ ሰአት እንጠራለን፣ የቀን ሰራተኛ የሆነ አባት የቀን ገቢውን ትቶ ሊሰደብ አይመጣም፣ እንደውም የውሸት አጎት ገበያ የሚደራው በዚህ ነው። ድጋፍ ሲባል ደግሞ የግድ ገንዘብ ማለት አይደለም። ለኔው ልጅ የእናቱን ቀጠሮ ወደ ከሰአት የሚያስቀይርለት፣ ሰኞ አብሯት የሚሄድ ሰው የሚፈልግለት፣ ያመለጠውን ፔሬድ የሚያስጠናው ሰው ቢኖር ምናልባት ይተርፍ ነበር። አደራ ግን የቤቱ ገመና እስታፍ ሩም ላይ የሻይ ወሬ ከሆነ ልጁ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም።

ይሄ ማሞላቀቅ ነው የሚሉ አሉ፣ ይበሉ። ሰው ለመቅጠር በጀት የለም ከተባለም ቢያንስ ልጅ ሶስት ቀን ሲቀር አንድ ሰው ደውሎ "ደህና ናችሁ ወይ" ብሎ ይጀምር፣ ወላጅ አምጣው ይደረስበታል።

ለጻፉት አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ያንን ልጅ ማንም አላባረረውም። ስሙ እስከ አመቱ መጨረሻ አቴንዳንሱ ላይ ነበር፣ ማክሰኞም ሮብም ኤክስ እያደረኩበት።

አንድ የቀድሞ ሆምሩም መምህር